ስለ ገንዘብ አገልግሎትና በገንዘብ ስለማይለወጠው ነገር

ለመሳለም የሚወጣ ሰው ከቤቱ ሲነሣ ሦስት ነገር ይይዛል፤ በትሩን፣ ስንቁንና ከረጢቱን። በትሩ ከእጁ አይለይም፤ ስንቁ በመንገድ ያልቃል፤ ከረጢቱ ግን በደረሰበት አገር ሁሉ ይፈታል፣ ይታሰራል፤ ሌሊትም ከራስጌው ሆኖ እንቅልፍ ይነሣዋል። ስለዚህ ስለ ከረጢቱ የሚነገረው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ወገን ገንዘብን እንደ እባብ ቈጥሮ ይሸሸዋል፤ ሌላው ወገን «ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እያለ ይተርታል። ሁለቱም ግን ገንዘብ ምን ሥራ እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ፈርደውበታል። ዳኛ ነገሩን ሳይመረምር ቢፈርድ ፍርዱ እንደማይጸና ሁሉ፣ ሰውም ገንዘብ ለምን እንደ ተበጀ ሳያውቅ ቢወደው ወይም ቢጠላው መውደዱም መጥላቱም መሠረት የለውም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ገንዘብ ለሰው የሚያገለግለው አገልግሎት ምንድር ነው? ከአገልግሎቱ ወሰን የሚያልፈውስ መቼ ነው?

ለዚህ ምርመራ ምስክር የሚሆን ስፍራ ቢፈለግ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉት መካና ጅዳ ይበቃሉ። መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የማይገባባት የሙስሊሞች ቅድስት ከተማ ናት፤ ጅዳ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የመካ ወደብ ናት። በየዓመቱ በሐጅ ወራት ከብዙ አገር የመጡ፣ ቋንቋቸውና መልካቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሰዎች በእነዚህ ሁለት ከተሞች ይገናኛሉ። እዚህ ላይ የሚነገረው የሃይማኖት ክርክር አይደለም፤ በማያውቀው ገበያ የቆመ እንግዳ፣ ሃይማኖቱ ምንም ቢሆን፣ የከረጢቱ ችግር አንድ ነውና ከዚያ ትምህርት መቅሰም ይቻላል። ደግሞም ኢትዮጵያና ያ አገር በአንድ ባሕር ግራና ቀኝ የተቀመጡ ጎረቤታሞች ስለ ሆኑ፣ የአንዱ የገንዘብ ታሪክ ያለ ሌላው አይነገርም።

አስቀድሞ ገንዘብ በሌለበት ሰው እንዴት ይገበያይ እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል። በ6ኛው መቶ ዓመት የቀይ ባሕርን አገሮች የጐበኘው የእስክንድርያው ነጋዴ ቆስማስ ስለ አክሱም ነጋዴዎች የጻፈው ታሪክ አለ። ነጋዴዎቹ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባለው የወርቅ አገር ይወርዱ ነበር። በደረሱም ጊዜ የእሾህ አጥር ሠርተው ይሰፍራሉ፤ ከብቱን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖሩታል። የአገሩ ሰዎች መጥተው በወደዱት ዕቃ ላይ አንድ ወይም ሁለት የወርቅ ፍሬ አኑረው ፈቀቅ ይላሉ። የዕቃው ባለቤት ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ባለወርቁም ዕቃውን ይወስዳል። ካልበቃው ግን ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ባለወርቁ ወይ ይጨምራል፣ ወይ የራሱን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋቸው አይገናኝም፤ አስተርጓሚም አልነበራቸውም፤ ሆኖም ያለ ቃል ይስማሙ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የንግድ ሁሉ ሥር ይታያል። ሁለቱ ደስ ሳይላቸው አንዱ የሌላውን አይነካም። ወርቁ በአጥሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ የሚጠብቀው ዘበኛ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሁለቱም ነገ ተመልሰው ለመገናኘት መፈለጋቸው ነው። እንግዲህ ገንዘብ ሳይኖር እምነት ነበረ ማለት ነው። ኋላ እንደሚታየው ገንዘብ ይህን እምነት ያስፋፋዋል እንጂ አይፈጥረውም።

ይሁን እንጂ ዕቃን በዕቃ መለወጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ጤፍ ያለው ገበሬ ማረሻ ቢፈልግ፣ ባለማረሻው ግን ጤፍ ሳይሆን ጋቢ ቢሻ፣ ገበሬው አስቀድሞ ጤፍ የሚፈልግ ሸማኔ ሲፈልግ ገበያው ይፈታበታል። የሁለት ሰዎች ፍላጎት በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ልክ ካልተገናኘ ልውውጡ ይቀራል፤ ይህ የመጀመሪያው ችግር ነው። ሁለተኛው የልክ ችግር ነው። 10 ዐይነት ዕቃ በሚወጣበት ገበያ እያንዳንዱ ዕቃ ከእያንዳንዱ ጋር የሚለወጥበት 45 ልክ መታወቅ አለበት፤ ዕቃው 100 ዐይነት ሲሆን ልኩ 4,950 ይደርሳል። ይህን ሁሉ በልቡ ሊይዝ የሚችል ገበያ ውሎ የሚያድር ብልጥ እንጂ የዋህ ባላገር አይደለም፤ ስለዚህ ልክ በበዛበት ገበያ የሚጐዳው ሁልጊዜ ደካማው ነው። ሦስተኛው የማካፈል ችግር ነው፤ በሬ ያለው ሰው ጥቂት በርበሬ ቢያስፈልገው የበሬውን ጆሮ ቈርጦ አይሰጥም። አራተኛው የማኖር ችግር ነው፤ ቅቤ ይሸታል፣ እህል ይነቅዛል፣ ከብት ያረጃል።

ሰው ይህን ችግር ያቃለለው በአንድ ቀን ዐዋጅ አይደለም፤ ሁሉ የሚቀበለውን አንድ ዕቃ ቀስ በቀስ በመምረጥ ነው። በኢትዮጵያ ያ ዕቃ አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቈረጠ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሄድ፣ ከሚቈረጥበት ስፍራ በራቀ መጠንም ዋጋው ሲወደድ አይቶ ጽፏል። አሞሌ ሁለት ኑሮ ነበረው፤ ሙሉ ሳለ ገንዘብ ነው፤ ሲሰበር ወጥ ውስጥ ይገባል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት ለሰው ምክር ሆኖ ቢነገርም ለገንዘብም ይስማማል፤ ገንዘብ የተቀበለውን ሰው ካልጠቀመ ከድንጋይ አይለይም። ነገር ግን አሞሌን ዝናብ ያሟሟዋል፤ ጉዞ ይሸርፈዋል፤ የተሸረፈውንም ነጋዴ በሙሉ ዋጋ አይቀበለውም።

አሞሌ የሠራው ኢትዮጵያ ቀድሞ የተመታ ገንዘብ ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ነገሥታት የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ከነሐሱም በአንዳንዱ ላይ ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ምኞት በጽርእ ቋንቋ ተቀርጾ ይገኛል። ወርቁ ለሩቅ ነጋዴ ይሄዳል፤ ነሐሱ ግን በድኻው እጅ የሚዞር ነውና፣ የድኻውን ደስታ የሚመኝ ቃል በነሐሱ ላይ መጻፉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የአክሱም መንግሥት ሲደክም የገንዘቡ መመታት ቀረ፤ ሕዝቡም ወደ ጨውና ወደ ዕቃ ልውውጥ ተመለሰ። ከዚህ የምንረዳው ገንዘብ ከጸጥታና ከመተማመን ጋር እንደሚመጣ፣ እነርሱ ሲሄዱም እንደሚሄድ ነው።

ኋላም በ1780 እ.ኤ.አ. የሞተችው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ነገሠ። ክብደቱ 28 ግራም፣ ከ6 እጅ 5ቱ ንጹሕ ብር ነበር፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያው 1780 የሚለው ዓመት እየተጻፈበት ይመታ ነበር። በጅዳ ቡና የሚገዛበት ብርና በጎንደር በቅሎ የሚሸጥበት ብር አንድ ነበር። ባላገሩ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያለውን ነጥብ ቈጥሮ ካላረጋገጠ አይቀበለውም። ዐፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን፣ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ባስመቱ ጊዜ እንኳ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ፈጥኖ አልተወም። በዚያው ዘመን ትንሹ ግዢ በአሞሌ፣ ትልቁ በጠገራ ይፈጸም ስለ ነበር፣ የዕቃ ልውውጥና ገንዘብ በአንድ ገበያ ጐን ለጐን ኖረዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የገንዘብ አገልግሎት አራት ሆኖ ይገኛል። አንደኛ፣ መለዋወጫ ነው፤ ገበሬው ጤፉን ለፈለገው ሸጦ ማረሻውን ከሌላው እንዲገዛ ያስችለዋል። ሁለተኛ፣ መለኪያ ነው፤ የብዙውን ዕቃ ዋጋ በአንድ ስም ይጠራል። ሦስተኛ፣ ማኖሪያ ነው፤ የዛሬው ድካም ለነገ እንዲቈይ ያደርጋል። አራተኛ፣ የዕዳ መክፈያ ነው፤ ዛሬ የተሰጠው ቃል በቀጠሮው ቀን የሚፈጸምበት ነው። ከእነዚህ መካከል መለዋወጡና ዕዳ መክፈሉ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሚፈጸሙ ናቸው፤ ማኖሩ ግን ገንዘብ ሲቆም የሚፈጸም ነው። መለኪያነቱ ደግሞ ገንዘቡ ባይኖርም እንኳ በሰው ልብ ውስጥ ይሠራል። የገንዘብ በጎነትም ክፋትም ከእነዚህ አገልግሎቶች አንዱ የሌላውን ስፍራ ሲይዝ ወይም ስፍራውን ሲጠብቅ ይታወቃል።

የመለኪያነቱን ጥቅም ለመረዳት የመካን ጥንታዊ ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። እስልምና ከመነሣቱ በፊት መካ የነጋዴዎች ከተማ ሆና ሳለ የራስዋ ገንዘብ አልነበራትም፤ የሮምን የወርቅ ዲናርና የፋርስን የብር ድርሃም በሚዛን እየመዘነች ትገበያይበት ነበር። የእስልምና የታወቁ የሐዲስ መጻሕፍት ስለ ቢላል አንድ ታሪክ ይናገራሉ። ቢላል የኢትዮጵያ ዘር ያለው፣ በመካ በባርነት ኖሮ ነፃ የወጣ ሰው ነበር። አንድ ቀን ለእስልምናው ነቢይ ለመሐመድ ጥሩ ተምር አመጣለት፤ ከየት እንዳገኘውም ተጠየቀ። ቢላልም መናኛ ተምር እንደ ነበረው፣ ሁለቱን ስፍር ሰጥቶ ጥሩውን አንድ ስፍር እንደ ለወጠ ተናገረ። መሐመድም ይህ ራሱ አራጣ እንደ ሆነ ገልጦ፣ ወደ ፊት መናኛውን ሸጦ በዋጋው ጥሩውን እንዲገዛ አዘዘው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ ያስገርማል፤ በአንድ በኩል ቢሄድ በሌላ በኩል ቢዞር ቢላል የሚያገኘው ያው ጥሩ ተምር ነውና። ነገር ግን ልዩነት አለ። ተምር በተምር ሲለወጥ ሁለት ስፍር ለአንድ መሆኑ ትክክል ይሁን አይሁን የሚያሳይ ሦስተኛ ምስክር የለም፤ የቸገረው ሰው የተጠየቀውን ያህል ይሰጣል። መናኛው በአደባባይ በገንዘብ ሲሸጥ ግን ዋጋው ይሰማል፤ የጥሩውም ዋጋ እንደዚሁ ይሰማል፤ ድኻውም የቱን ያህል እንደ ሰጠና የቱን ያህል እንደ ተቀበለ ያውቃል። ስለዚህ ገንዘብ በመለኪያነቱ የድኻ ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ፍትሐ ነገሥትም አራጣን የሚከለክለው ስለዚሁ የድኻ ጭንቀት ነው፤ በሁለቱም ባሕር ማዶ ያሉ ሕጎች በሰው ችግር ላይ ትርፍ መቈለልን ጠልተዋል።

የገንዘብ ሥሩ እምነት መሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚገልጠው ግን በጅዳ የሆነው ነገር ነው። እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የሳውዲ ዐረቢያ ሕዝብ የሚገበያየው በብር ሪያልና በወርቅ ነበር። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ሪያል እያንዳንዱ ከ11 ግራም ተኩል በላይ ስለሚመዝን፣ 1,000 ሪያል የያዘ ሰው 12 ኪሎ ገደማ ብር ተሸከመ ማለት ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሽማግሌ ሐጃጅ ይህን በወገቡ ታጥቆ በፀሐይ ንዳድ፣ በሕዝብ ግፊያ መካከል መሄድ ነበረበት። የዓለም የብር ዋጋ ከፍና ዝቅ ባለ ቍጥርም የሪያሉ ምንዛሬ አብሮ ይናወጥ ነበር።

በ1952 እ.ኤ.አ. የሳውዲ ዐረቢያ የገንዘብ ድርጅት በጅዳ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ገዥ ጆርጅ ብላወርስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ እርሱም ቀደም ብሎ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ የነበረ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣ፣ ወረቀት የማያምነው ባላገር እንዳይሸሽ የ50 ሳንቲሙ ገንዘብ ከእውነተኛ ብር ተመትቶ አብሮ ወጥቶ ነበር። በጅዳ ግን የድርጅቱ ደንብ የወረቀት ገንዘብ እንዳያወጣ ይከለክለው ነበር። ስለዚህ በ1953 እ.ኤ.አ. ሌላ ዘዴ ተገኘ፤ ለሐጃጆች የሚሆን የ10 ሪያል ደረሰኝ ታተመ። ደረሰኙ ገንዘብ አልተባለም፤ ይህን የያዘ ሰው በድርጅቱ ግምጃ ቤት 10 የብር ሪያል አለው የሚል የምስክር ወረቀት ነበር። ሐጃጁ ከባዱን ብር ትቶ ቀላሉን ወረቀት ይይዛል፤ በፈለገ ጊዜም ብሩን ይቀበላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ማንም በዐዋጅ ያላዘዘው ነው። ሐጁ ተፈጸመ፤ ሐጃጁም ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ደረሰኙ ግን በነጋዴው እጅ ቀረ። ነጋዴው ሄዶ ብሩን መጠየቅ ሲችል አልጠየቀም፤ ለሌላው ነጋዴ አሳለፈው፤ ያም ለሦስተኛው። የአገሩ ሰው ራሱ ከብሩ ይልቅ ወረቀቱን ወደደ። በ1954 እ.ኤ.አ. የ5 ሪያል፣ በ1956 እ.ኤ.አ. የ1 ሪያል ደረሰኝ ተጨመረ፤ በመጨረሻም በ1961 እ.ኤ.አ. በሕግ የታወቀ የወረቀት ገንዘብ ወጣ፤ ደረሰኞቹም ተሰበሰቡ። እንግዳውን ከሸክም ለማሳረፍ የታሰበች ወረቀት ለባለአገሩ መገበያያ መንገድ ከፈተች። ያ ሁሉ ሰው ብሩን ሳያየው፣ ብሩ እንዳለ በማመን ብቻ እህልና ልብስ ሰጠ። እንግዲህ ከረጢቱን የሚያስከብረው ብረቱ አይደለም፤ የማያውቀው ሰው ቃሉን ይጠብቃል ብሎ ሌላው ማመኑ ነው። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠራ ሰው፣ ሚዛን የሚያጐድል ነጋዴ፣ ግምጃ ቤቱን ባዶ አድርጎ ደረሰኝ የሚያበዛ ሹም፣ ሦስቱም የሚሰርቁት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ እንግዳ በእንግዳ ላይ ያለውን እምነት ይሰርቃሉ።

እስከዚህ ድረስ ገንዘብ በጎ አገልጋይ ሆኖ ታየ። አሁን ግን ወሰኑን የሚያልፍበት ሊታይ ይገባል። መለኪያ የተበጀው ዕቃን ለመለካት ነው፤ ሁሉን የለመደ መለኪያ ግን መለካት የማይገባውንም ይለካል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በመካ የተሳደዱ የመሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ በተጠጉ ጊዜ፣ የመካ ሹማምንት ሁለት መልእክተኞች ላኩ። በጥንት የዐረብ ታሪክ እንደሚነገረው፣ መልእክተኞቹ በዚያን ጊዜ ከመካ ዕቃ ሁሉ የተመረጠውን ያማረ ቈዳ ለንጉሡና ለመኳንንቱ እጅ መንሻ ይዘው መጡ፤ በምትኩም ስደተኞቹ እንዲሰጧቸው ለመኑ። ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል ከሰማ በኋላ አልሰጠም፤ እጅ መንሻውንም መለሰ። ያ ንጉሥ ቈዳ ምን ያህል እንደሚያወጣ ያውቅ ነበር፤ የተጠጋው ሰው ግን በልውውጥ አጥር ላይ የሚኖር ዕቃ አለመሆኑንም ያውቅ ነበር።

ወዮ! በዚያው ባሕር ላይ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ይህን አልመሰለም። ለብዙ መቶ ዓመታት ከኢትዮጵያ ምድር የተፈነገሉ ልጆች በምጽዋና በታጁራ በኩል እየተጫኑ በጅዳና በመካ ገበያ ተሸጡ። የሸጧቸውም ባዕዳን ብቻ አልነበሩም፤ የገዛ አገራቸው ሰዎች በአሞሌና በጠገራ ለውጠዋቸዋል። በ1814 እ.ኤ.አ. ቡርክሃርት የሚባለው የስዊስ ተጓዥ ጅዳ በደረሰ ጊዜ የያዘው የገንዘብ ማዘዣ ወረቀት ጊዜው ያለፈበት ነው ተብሎ ሳይከፈለው ቀረ። በእጁም በቂ ገንዘብ ስላልነበረው በሱዳን ሸንዲ በ16 ብር የገዛውን ባሪያ ልጅ በ48 ብር ሸጠ፤ ትርፉም የብዙውን ጉዞውን ወጪ እንደ ሸፈነለት ራሱ ጽፏል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በወረቀቱ ላይ የነበረው እምነት ሲጠፋ የሰው ልጅ ገንዘብ ሆኖ ጐደሎውን ሞላ። መለዋወጫም፣ መለኪያም፣ ማኖሪያም፣ ዕዳ መክፈያም የሆነው የአንድ ልጅ ሕይወት ነበር። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ 16ቱ ከ48ቱ ሲቀነስ 32 ይተርፋል። የሒሳቡ ትክክልነት ግን ሥራውን ትክክል አላደረገውም። በኢትዮጵያ ባርነትን የሻረው ዐዋጅ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወጣ፤ በሳውዲ ዐረቢያም በ1962 እ.ኤ.አ. ተሻረ።

እንግዲህ ከዕቃ ልውውጥና ከገንዘብ የቱ ይሻላል ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ እንዲህ ነው። ብዙዎች ዕቃን በዕቃ መለወጥ የቅን ዘመን ሥራ፣ ገንዘብ ግን የክፋት መጀመሪያ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በጨው ሰው ተሸጧል፤ በቈዳም ሰውን ለመለወጥ ተሞክሯል። በዮሴፍ ዘመን በግብፅ በሆነው ረኃብ ሕዝቡ አስቀድሞ ብሩን ሰጠ፤ ብሩ ባለቀ ጊዜ ከብቱን ሰጠ፤ ከብቱ ባለቀ ጊዜ መሬቱንና ራሱን ለባርነት ሰጠ። ገንዘብ ሲያልቅ ልውውጡ ቆመ እንጂ ጭንቀቱ አልቆመም። ስለዚህ ኀጢአቱ በጨው ወይም በብር ወይም በወረቀት አይደለም፤ የተራበውን ሰው እንደ ዕቃ በማየት ነው። ራሱ ዮሴፍም ቀድሞ በ20 ብር የተሸጠ ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ሁለተኛው ወሰን ማለፍ በማኖር የሚመጣው ነው። ማኖር በራሱ ጥበብ ነው፤ ክረምትን የሚያስብ ሰው ጎተራ ይሠራል። አሞሌን ለዘለዓለም ማኖር አይቻልም ነበር፤ እርጥበቱ ባለቤቱን ቶሎ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ብርና ወረቀት ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ በመቀመጣቸውም ሰውን ያታልላሉ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ የብር ኖቶች አውጥታ አሮጌዎቹ በሦስት ወር እንዲለወጡ ባዘዘች ጊዜ፣ በየቤቱ የተደበቀው ብር ሁሉ የቀን ገደብ ተቈረጠለት። ገደቡ ሳይደርስ ያልወጣው በሣጥን ውስጥ እንዳለ ሳይቀነስ፣ ሳይነቅዝ፣ መልኩም ሳይለወጥ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ። ያኖረው ሰው ዋጋው በወረቀቱ ውስጥ ያለ መስሎት ነበር፤ ዋጋው ግን ሌላው ሰው እቀበልሃለሁ በማለቱ ውስጥ ነበር። መክሊቱን በመሬት የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰውም ስለ ጠፋበት አይደለም፤ እንዳለ ይዞት ስለ መጣ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ዕዳን ባለመክፈል የሚሆነው ነው። ዛሬም ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ባሕር ተሻግረው በጅዳ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ ሴቶች አሉ። አንዲት ልጅ ወሩን ሙሉ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሕፃን አዝላ ያገኘችውን ደመወዝ ለእናትዋ ስትልክ፣ በባሕሩ ላይ የሚሻገረው ወረቀት አይደለም፤ የእጅዋ ድካም ነው። ብዙ ጊዜም ገንዘቡ በባንክ ሳይሆን በሐዋላ ይሄዳል፤ በጅዳ ያለው ሰው ተቀበልሁ ይላል፤ በአገር ቤት ያለው ባልንጀራው ይከፍላል፤ በመካከላቸው የሚሄደው ቃል ብቻ ነው። ይህ በሳሱ የእሾህ አጥር ላይ የነበረው እምነት በሌላ መልክ ነው። ደመወዝዋ ሲያዝባት ግን የተያዘባት ብር ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ የማይመጣ የዕድሜዋ ወር ነው። የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት ወደ ሰማይ የሚጮኽ ኀጢአት መሆኑን ሐዋርያው ያዕቆብ ያስተማረው ስለዚህ ነው፤ በጨው ቢሆን ለሠራተኛው የሚሰጠው በእጁ ላይ ይታያል፤ በገንዘብ ሲሆን ግን ነገ እሰጥሃለሁ ማለት ይቀላል።

ነገሩን ለመጠቅለል፣ ገንዘብ እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ሰዎች የተበጀ የእምነት መሣሪያ ነው። እናት ለልጅዋ ወተት ስትሰጥ ዋጋ አትጠራም፤ በአንድ ገዳም ያሉ መነኮሳትም እንጀራ ሲቈርሱ አይመነዛዘሩም፤ የሚተዋወቅና የሚዋደድ ገንዘብ አያስፈልገውም። ገንዘብ የሚያስፈልገው ፍቅር ገና ያልደረሰበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ገንዘብ በፍቅር ፈንታ የቆመ ወኪል እንጂ የፍቅር ጠላት አይደለም፤ ወኪሉ ግን ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ስፍራውን መልቀቅ አለበት። ሁልጊዜ በገንዘብ ብቻ የሚገናኝ ሰው በተወለደበት መንደርም ሳይቀር እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ተሳላሚ ወንድም ሆይ፣ ነገ ከዚህ ማረፊያ ስትነሣ ከረጢትህን አትፍራው፣ አታምልከውም። ገበያ ስትወጣ የምትሰጠውን ገንዘብ የሚቀበልህ የማያውቅህ ሰው እንዳመነህ አስብ፤ እምነቱንም በተቀደደ ኖት፣ በተሳሳተ ቈጠራ፣ በሐሰት መሐላ አትክፈለው። አልጋህን ያነጠፈልህ፣ ጓዝህን የተሸከመልህ ሰው ዋጋውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበል። ዋጋ ጠርተህ የማትከፍለው ነገር ሲያጋጥምህም፣ ይኸውም የሰው ፊት፣ የሕፃን እንባ፣ የተጠጋህ ስደተኛ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከረጢትህን እሰረውና የአክሱሙን ንጉሥ አስብ፤ ቈዳውን መልሶ ሰውን አስቀርቷልና።